አምስት ቨርችዋል ማሽን፣ አራት ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ላይሰንስ፤ ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ባለ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የአይቲ ኃላፊ ነኝ። ኮምፒውተር የሚጠቀሙ 22 ሠራተኞች አሉን፤ ከእነሱ ስድስቱ ቅርንጫፍ ያሉ የሂሳብ ሠራተኞች ሲሆኑ በሪሞት ዴስክቶፕ (ከርቀት) ፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራም ውስጥ ይገባሉ። ባለ 8 ኮር አንድ ፕሮሰሰርና 64 ጊጋባይት ራም ያለው ሰርቨር፣ ከአራት ባለ 4 ቴራባይት ሳታ ሃርድ ዲስክ ጋር ገዝተናል። ዲስኮቹን በሬይድ 5 አያይዤ አምስት ቨርችዋል ማሽን ላስነሳ ነው፦ ዶሜን ኮንትሮለር (የሠራተኞችን መለያና የይለፍ ቃል የሚያስተዳድር)፣ ፋይል ሰርቨር፣ ፒችትሪ፣ የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ እና የ16 ካሜራ መቅረጫ። የጋራ ፋይላችን 700 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ በዓመት 100 ያህል ይጨምራል። ሻጩ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ስታንዳርድ ይበቃል፣ ፕሮክስሞክስ ከጫንክ ደግሞ እሱም አያስፈልግህም ብሎኛል። ባክአፑን በየቀኑ ስናፕሾት በመውሰድ ልሸፍነው አስቤያለሁ። እቅዱ ያዋጣል?»

ምላሽ፦ እቅዱ እንዳለ አያዋጣም። የሰርቨሩ አቅም አንሶ ግን አይደለም፤ 8 ኮርና 64 ጊጋባይት ራም ለ22 ሰው ቢሮ ይበቃል። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። ዲስኩን የለኩት በቴራባይት፣ ላይሰንሱን ደግሞ በሰርቨር ቁጥር ነው። ለቨርችዋል ማሽን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ለሚሠራ ሲስተም) የሚሆን ዲስክ ከመጠኑ በፊት የሚጠየቀው በሰከንድ ስንት ጊዜ መጻፍ እንደሚችል ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ደግሞ የሚቆጠረው በፊዚካል ኮሩ፣ በላዩ በሚነሱት ዊንዶውሶች እና በሚገለገሉበት ሰዎች ብዛት ነው።

ከላይሰንሱ ልነሳ፤ ሻጩ የነገረዎት ግማሹ እውነት ስለሆነ ከሙሉ ስህተት ይልቅ ያሳስታል። ዊንዶውስ ሰርቨር ከ2016 እትም ወዲህ የሚሸጠው በኮር ነው። ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ 8 ኮር፣ ለአንድ ሰርቨር ቢያንስ 16 ኮር መግዛት ግዴታ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ሰርቨር 8 ኮር ብቻ ቢኖረውም የሚከፍሉት ለ16 ነው። ታስክ ማናጀር ላይ «ሎጂካል ፕሮሰሰር 16» የሚል ካዩ እሱ ከዚህ ሂሳብ ጋር አይገናኝም፤ የሚቆጠረው ፊዚካል ኮሩ ነው። 16ቱን ሲከፍሉ ስታንዳርድ እትሙ ሁለት የዊንዶውስ ሰርቨር ቨርችዋል ማሽን የማስነሳት መብት ይሰጥዎታል። ሦስተኛ ካስፈለገ ያንኑ 16 ኮር እንደገና ይገዛሉ፣ ያም ሁለት ተጨማሪ ማሽን ይሰጣል። በዚህ አሠራር አንድ ብቻ መጨመር የሚባል ነገር የለም። ያልተገደበ ቁጥር የሚፈቅደው ዳታሴንተር እትም ዋጋው ከስታንዳርዱ ወደ ስድስት እጥፍ ስለሚጠጋ በእርስዎ ልክ ላለ ቢሮ ጭራሽ አይታሰብም።

እንግዲህ ከአምስቱ ማሽኖችዎ አራቱ ዊንዶውስ ከሆኑ አንድ ላይሰንስ ሁለቱን ብቻ ይሸፍናል። ሊነክስ የሚሆነው ማሽን ከቁጥሩ ውጭ ነው፤ የፈለጉትን ያህል ሊነክስ ማስነሳት ይችላሉ።

የፕሮክስሞክሱ ምክር ፍጹም ስህተት ነው። ፕሮክስሞክስ ራሱ፣ ቨርችዋል ማሽን ማስነሻ ፕሮግራሙ፣ በነፃ ይገኛል፣ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን በላዩ የሚነሳው ዊንዶውስ ሰርቨር ነፃ አይሆንም። ከሥሩ ያለው ፕሮክስሞክስም ይሁን እንደ እሱ ያሉት የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ወይም ቪኤምዌር፣ ማይክሮሶፍት የሚቆጥረው ያንኑ 16 ኮር ነው። በተቃራኒው በኩል ደግሞ ሃይፐር-ቪ ከሁለቱ መብቶች አንዱን ይበላል የሚሉ አሉ፤ እሱም ልክ አይደለም። ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ የሚጫነው ዊንዶውስ ቨርችዋል ማሽኖቹን ከማስተናገድና ከማስተዳደር ውጭ ምንም ሥራ እስካልተሰጠው ድረስ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ቦታው ስላለ» ብለው ያንን ታችኛውን ዊንዶውስ የፋይል ሼር ወይም የፕሪንተር ሰርቨር ካደረጉት እሱ ራሱ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ የሚቀርዎት የቨርችዋል ማሽን መብትም አንድ ብቻ ይሆናል።

ሻጩ ጨርሶ ያላነሳው «ካል» የሚባለውን ነው፤ የተገልጋይ ፈቃድ ማለት ነው። ሰርቨሩን መግዛትና በሰርቨሩ መገልገል ሁለት የተለያዩ ክፍያዎች ናቸው። የ22ቱ ሰው እያንዳንዱ የተጠቃሚ ካል ያስፈልገዋል። አንድ ኮምፒውተር በፈረቃ ብዙ ሰው የሚቀመጥበት ቢሮ ቢሆን የመሣሪያ ካል ይሻል ነበር፤ እናንተ ጋ ግን አንድ ሰው ከዴስክቶፑም ከላፕቶፑም ስለሚገባ በሰው መቁጠሩ ያዋጣል። የጣት አሻራ መሣሪያው ዳታውን ወደ ዊንዶውስ ሰርቨር የሚልክ ከሆነ ለእሱ አንድ የመሣሪያ ካል ይጨምሩ፤ በእሱ የሚፈርመው መጋዘን ሠራተኛ ከ22ቱ ውስጥ የለምና። የካሉ እትም ከሰርቨሩ እትም ማነስ የለበትም። የ2019 ካል ይዞ 2022 ሰርቨር ላይ መግባት አይፈቀድም፣ የ2025 ካል ግን ለ2022ም ይሠራል። መደበኛው ካል ሰርቨሩ ላይ የሚጫን ነገር የለውም፤ የግዢ ሰነድ ብቻ ነው። ባይኖርዎትም የሚከለክልዎት መልእክት አይመጣም። አብዛኛው ቢሮ ሳይገዛው የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ግን መጀመሪያ እሱ ነው።

የሪሞት ዴስክቶፑ ካል ሌላ ነው፣ ይኼኛው ደግሞ በቴክኒክ ይከለክላል። ስድስቱ የቅርንጫፍ ሠራተኞች ከመደበኛው ካል በላይ ስድስት የሪሞት ዴስክቶፕ ካል ያስፈልጋቸዋል። አገልግሎቱ ሲጫን የ120 ቀን እፎይታ ይሰጣል። በእነዚያ አራት ወራት ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል፣ ያስገባው ቴክኒሻንም ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ቅርንጫፉ በሙሉ መግባት ያቅተዋል። ያለ ካል የሚፈቀደው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ሁለት ሰው መግባት ነው። ይህን ለማምለጥ ተራ ዊንዶውስ 10 ላይ የሲስተም ፋይል ቀይረው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያስገቡ አሉ። የፈቃድ ውሉን መጣሱ እንዳለ ሆኖ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ የሂሳብ መዝገብዎን እንዲህ ባለ ማሽን ላይ አያስቀምጡ።

ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ ክራክ፣ ያለ ክፍያ ማነቃቂያው፣ ትዝ እንደሚልዎት አውቃለሁ፤ ገበያው የሚያቀርበውም እሱን ነው። ሕጉን ካነሳን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ከሕጉ ይልቅ ግን የሚያስፈራኝ አጫጫኑ ነው። ማነቃቂያው ፕሮግራም ከመሥራቱ በፊት «ዲፌንደርን አጥፋ» ወይም «ይህን ፎልደር ከቫይረስ ፍተሻ አውጣ» ይላል፣ በአድሚኒስትሬተር ስም ይነሳል፣ ከዚያም በየጊዜው ራሱን የሚያስነሳ ሥራ ታስክ ሼጁለር ውስጥ ያስቀምጣል። የድርጅቱ የይለፍ ቃሎች በሙሉ የሚቀመጡበት ዶሜን ኮንትሮለር ላይ ማን እንደጻፈው ለማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ሰጡ ማለት ነው። በ20 ዶላር በኢንተርኔት የሚሸጠው ቁልፍም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አክቲቬት ሆነ ማለት ፈቃድ አለዎት ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ለሙከራ ወይም ለሌላ ድርጅት ከተሰጡ ቁልፎች የተወሰዱ ናቸው።

በሕጋዊ መንገድ ርካሹ አማራጭ የሰርቨሩ አምራች በራሱ ስም የሚያቀርበው የኦኢኤም ላይሰንስ ነው። ገደቡን ግን ይወቁት፦ ከዚያ ሰርቨር ጋር ይኖራል፣ ከዚያ ሰርቨር ጋር ይሞታል። ለድርጅቶች በውል የሚሸጠው የቮልዩም ላይሰንስ ወደ ሌላ ሰርቨር ሊዛወር ይችላል፣ ግን ሃርድዌሩ ካልተበላሸ በቀር በ90 ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይደለም። አንድ ሰርቨር ብቻ ላለው ድርጅት ኦኢኤሙ ይበቃል። የሚሸጥልዎት 2025 እትም ቢሆን አይጨነቁ፤ ወደ 2022 ዝቅ አድርጎ የመጫን መብት አብሮት ይመጣል።

ዝቅ ማድረጉ የሚያስፈልግዎት በፒችትሪ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ፒችትሪ የሚለው ስም ሴጅ 50 ተብሎ ከተቀየረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ እዚህ አገር ግን አሁንም በብዛት የሚሠራው በድሮው እትም ነው። ያ እትም ሲወጣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 አልነበረም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የ180 ቀን የሙከራ እትሙን ከማይክሮሶፍት አውርደው አንድ ቨርችዋል ማሽን ላይ ይጫኑ፣ የድርጅቱን ዳታ ቅጂ ያስገቡ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ደረሰኝ እንዲቆርጥ ያድርጉ። የእትምዎ የራሱ የተጠቃሚ ገደብ ስንት እንደሆነም ያኔ ይታያል፤ እሱ ከማይክሮሶፍት ካል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የሙከራ እትሙን ኋላ ላይ በቁልፍ ወደ ሙሉ እትም መቀየር ይቻላል፣ ዶሜን ኮንትሮለር ከተደረገ በኋላ ግን አይቀየርም። ዶሜኑን በሙከራ እትም አያቁሙ።

ወደ ዲስኩ ልምጣ። ሬይድ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ አያይዞ የማሠሪያ ስልት ነው። ሬይድ 5 ቦታ ይቆጥባል፣ የሚያስከፍለው ግን ሲጻፍ ነው። አንዲት ትንሽ መረጃ ስትቀየር መቆጣጠሪያው የድሮውን መረጃ ያነባል፣ የድሮውን ፓሪቲ (ዲስክ ሲበላሽ መረጃውን መልሶ ለማስላት የሚያገለግለውን ተጨማሪ ቁጥር) ያነባል፣ አዲሱን መረጃ ይጽፋል፣ አዲሱን ፓሪቲ ይጽፋል። አራት ሥራ ለአንድ ጽሑፍ ማለት ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሳታ ዲስክ በሰከንድ 80 ገደማ የተበታተነ ሥራ ይሠራል። አራቱ ተደምረው 320 ይሆናሉ፤ ለአራት ሲካፈል በሰከንድ 80 ጽሑፍ ይቀርዎታል። አምስት ቨርችዋል ማሽን በላዩ የሚሻሙት በዚህች 80 ነው። አንዱ ዊንዶውስ ዝመና ሲጭን ፒችትሪ ላይ ያለው ሰው ደረሰኝ ለማስቀመጥ ቆሞ ይጠብቃል። «ሰርቨሩ ቀርፋፋ ሆኗል፣ ራም ይጨመር» የሚባለውን ቅሬታ ሄዶ ላየው ሰው ብዙ ጊዜ ራሙ ግማሹ ባዶ ነው፣ የዲስኩ ወረፋ ግን ሞልቷል።

ሁለተኛው የሬይድ 5 ጉዳይ ዲስክ ሲበላሽ ነው። አዲስ ዲስክ ሲተካ መቆጣጠሪያው የቀሩትን ሦስቱን ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለበት፣ 12 ቴራባይት ማለት ነው። የተራ ሳታ ዲስክ አምራቾች በመግለጫቸው ላይ የሚያስቀምጡት የማይነበብ ቦታ ገደብ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ በ12.5 ቴራባይት ንባብ እስከ አንድ። በተግባር ዲስኮች ከመግለጫው ይሻላሉ፣ ሆኖም ሰው እየሠራበት ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ በሚችል መልሶ ግንባታ ውስጥ አብረው የተገዙና አብረው ያረጁ ሦስት ዲስኮች ሁሉም ሳይበላሹ ይዘልቃሉ ብሎ መወራረድ አልወድም። በትላልቅ ሃርድ ዲስኮች ለቨርችዋል ማሽን ሬይድ 5 አላስገባም።

አራቱን በሬይድ 10፣ ማለትም ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላው ቅጂ እንዲሆን፣ ቢያደርጉትስ? ቦታው 8 ቴራባይት፣ የጽሑፍ አቅሙ በሰከንድ 160 ይሆናል። እጥፍ ነው፣ ግን አሁንም ትንሽ ነው። መፍትሔው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ነው፣ ያውም ብዙ ሳይሆን ሁለት። ተራ የሚባለው ሳታ ኤስኤስዲ እንኳ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሥራ ይሠራል።

ኤስኤስዲ ሲገዙ የላፕቶፕ የሚሆነውን አይግዙ። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ አይደለም። የሰርቨር ኤስኤስዲ ውስጡ ካፓሲተሮች አሉት፤ መብራት ሲቋረጥ በጊዜያዊ ማኅደሩ ላይ ያለውን መረጃ ጽፎ ለመጨረስ የሚበቃ ኃይል ይይዛሉ። የላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ «ጽፌያለሁ» ብሎ ለዊንዶውስ ከነገረ በኋላ ያልጻፈው ይጠፋል። የጠፋው የሂሳብ ዳታቤዝ ገጽ ከሆነ ፋይሉ አልከፈትም ይላል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ በዓመት አንዴ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። የሬይድ መቆጣጠሪያዎም እንደዚሁ ነው። ባትሪ ያለው ካሽ (ጊዜያዊ ማኅደር) ከሌለው፣ ወይም በማዘርቦርዱ ላይ ያለ የሶፍትዌር ሬይድ ከሆነ (በርካሽ ሰርቨሮች ላይ የተለመደ ነው)፣ የሃርድ ዲስክ ጽሑፍ ይበልጥ ይዘገያል። ካፓሲተር ባላቸው ሁለት ኤስኤስዲዎች በሬይድ 1 (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ) ሲሠሩ ግን ያ ካሽ ባይኖርም ብዙ አይጎዳዎትም። ኤስኤስዲው ባለ 2.5 ኢንች፣ የሰርቨርዎ ማስገቢያ ደግሞ የ3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ከሆነ ማስተካከያ ያለው ትሬይ አብሮ ይዘዙ፤ ያለ እሱ ዲስኩ ማገናኛው ላይ አይቀመጥም፣ ሰርቨሩን ከፍቶ በፕላስተር ማሰር ውስጥም እንዳይገቡ።

የካሜራውን ነገር አጭር ላድርገው፦ ከዚህ ሰርቨር ያውጡት። 16 ካሜራ እያንዳንዱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ በድምሩ በሰከንድ 8 ሜጋባይት ነው፤ በቀን 690 ጊጋባይት፣ በወር ከ20 ቴራባይት በላይ። 12 ቴራባይት ብለው ያሰቡት ሁሉ ተሰጥቶት እንኳ አንድ ወር አይሞላም። ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ መጻፉ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያንቃል። የራሱ ዲስክ ያለው የካሜራ መቅረጫ ይግዙለት።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ባለ 960 ጊጋባይት ሁለት የሰርቨር ኤስኤስዲ በሬይድ 1፣ ከገዟቸው ሃርድ ዲስኮች ሁለቱን በሌላ ሬይድ 1። ዊንዶውስ 960ውን 894 ብሎ ያሳየዎታል፤ ዲስክ አምራቹ በሺህ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ኤስኤስዲው ላይ የሃይፐር-ቪው ዊንዶውስ 100 ጊጋባይት፣ ዶሜን ኮንትሮለሩ 80፣ ሁለተኛው ማሽን ለሲስተሙ 150 እና ለፒችትሪ ዳታ 100 ይይዛሉ። ተደምሮ 430 ነው፤ ግማሽ ያህሉ ባዶ ይቀራል፣ ባዶ መቅረቱም ለኤስኤስዲው ዕድሜ ጥሩ ነው። የጋራ ፋይሉ ሃርድ ዲስኩ ላይ በ1.5 ቴራባይት ቨርችዋል ዲስክ ይቀመጥ፤ በዓመት 100 ጊጋባይት እየጨመረ ስምንት ዓመት ይሄዳል፣ ሃርድ ዲስኩ ግን ያን ያህል አይሄድም።

ሁለት ዊንዶውስ ብቻ እንዲሆኑ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። የመጀመሪያው ዶሜን ኮንትሮለሩ፣ ከዲኤንኤስና ዲኤችሲፒ (የኔትወርክ ስምና አድራሻ አገልግሎቶች) ጋር፣ ብቻውን። ማንም ሠራተኛ አይገባበትም፣ ምንም ሌላ ፕሮግራም አይጫንበትም። ሁለተኛው ፒችትሪን፣ ሪሞት ዴስክቶፑን፣ የጋራ ፋይሉንና የጣት አሻራ ፕሮግራሙን ይይዛል። ሠራተኛ የሚገባበት ማሽን ላይ ፋይል ማስቀመጥ ትክክል አይደለም የሚል የሙያ ባልደረባ ይኖራል፤ በመርህ ደረጃ እስማማለሁ። ነገር ግን ስድስቱ ሰዎች ያንኑ ፋይል በኔትወርክ ድራይቭ ከፍተው የመጻፍ መብት እስካላቸው ድረስ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ማሽኑ ቢለያይም ይደርስበታል። የሚከላከለው የሠራተኛው መብት መቀነሱ ነው፦ ማንም የአድሚኒስትሬተር መብት አይኑረው፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ፎልደር ብቻ ይጻፍ። ፒችትሪ ደግሞ ዳታው ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ማሽን ላይ ሲሆን በግልጽ ይፈጥናል። ገንዘቡ ካለዎትና መለያየቱን ከፈለጉ ሁለተኛ 16 ኮር ይግዙ፤ እኔ ግን ያንን ገንዘብ መጀመሪያ ለኤስኤስዲውና ለካሉ አውለዋለሁ።

ቅርንጫፉ የሚገባው በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ብቻ ይሁን። የሪሞት ዴስክቶፕን በር፣ 3389ን፣ በራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት አይክፈቱ። ቁጥሩን ወደ ሌላ መቀየርም አይደብቅዎትም።

ሃይፐር-ቪ ወይስ ፕሮክስሞክስ? የዊንዶውሱን ዋጋ ለማንኛውም ስለሚከፍሉ ሃይፐር-ቪ ተጨማሪ ወጪ የለውም፣ እርስዎ ሲታመሙ የሚተካዎት ሰውም በቀላሉ ይገኛል። ፕሮክስሞክስ ጥሩ ነው፣ ሊነክስን በሙያ የሚያውቅ ሰው ቤታችሁ ካለ። ቪኤምዌርን አልመክርም። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከገዛው በኋላ የአንድ ጊዜ ግዢ ቀርቶ በየጊዜው የሚከፈል ሆኗል፤ ነፃው የቪኤምዌር እትም ኢኤስኤክስአይ በ2024 ተቋርጦ በ2025 ተመልሷል። እንዲህ በሚገለባበጥ ነገር ላይ ትንሽ ቢሮ አይተከልም።

ሃይፐር-ቪ ላይ ሁለት ነገር ያስተካክሉ። ኤስኤስዲው ላይ የሚቀመጡት ቨርችዋል ዲስኮች መጠናቸው ቋሚ ይሁን። እየሰፋ የሚሄደው ዓይነት ቦታ የቆጠበ ይመስላል፣ ግን ለማሽኖቹ የፈቀዱት ድምር ካለዎት ቦታ ሲበልጥ አንድ ቀን ዲስኩ ይሞላና በላዩ ያሉት ማሽኖች ባሉበት ይቆማሉ። ሌላው፣ ሰርቨሩ ሲዘጋ ማሽኖቹ ምን ይሁኑ የሚለው ምርጫ ሲመጣ «ሴቭ» ላይ ነው። ያ ምርጫ የማሽኑን ራም የሚያህል ቦታ ዲስኩ ላይ አስቀድሞ ይይዛል፤ ለሁለተኛው ማሽን 32 ጊጋባይት ራም ከሰጡት 32 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ሄደ ማለት ነው። «ሻት ዳውን» ወደሚለው ይቀይሩት።

ስናፕሾትን ባክአፕ ብለው አይቁጠሩ። ሃይፐር-ቪ ቼክፖይንት የሚለው ይኸው ነው። ሲወሰድ ሙሉ ቅጂ አይሠራም፤ ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ያለውን ለውጥ ሌላ ፋይል ላይ መጻፍ ይጀምራል፣ የድሮውን ፋይል እንደ መሠረት ይዞ። ሁለቱም ያሉት አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። በየቀኑ ሲደራረብ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ አንዱ ቀለበት ከተበላሸ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ አይነበብም፣ ሲሰረዝ ደግሞ ለመዋሃድ ሰዓታት ይፈጃል። ዝመና ከመጫንዎ በፊት ይውሰዱት፣ ሥራው ከተሳካ በማግሥቱ ይሰርዙት። ሬይድም ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የተሰረዘውን ፎልደር በሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ይሰርዘዋል።

ለባክአፑ ቪም የተባለው ፕሮግራም እስከ 10 ማሽን በነፃ የሚፈቅድ እትም አለው፣ ለእናንተ ይበቃል። የተረፉትን ሁለት ሃርድ ዲስኮች በዩኤስቢ መያዣ ውስጥ ያስገቧቸው። አንዱ ሳምንቱን ሙሉ ተሰክቶ ማታ ማታ ይቀዳ፤ አርብ ይነቀልና ከቢሮው ውጭ ይደር፣ በቦታው ሁለተኛው ይሰካ። ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተሰካውን ባክአፕ ቀድሞ እንደሚፈልግ ይያዙ፤ የሚተርፈው የተነቀለው ነው። ዲስኩ ከግቢ ስለሚወጣ ባክአፑ በይለፍ ቃል ይመስጠር፣ ቃሉም እርስዎ ራስ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በታሸገ ፖስታ ሥራ አስኪያጁ ካዝና ውስጥ ይኑር። በየሦስት ወሩ የፒችትሪውን ማሽን ከባክአፑ ከኔትወርክ ውጭ አስነስተው የሂሳብ ኃላፊዋ የትናንቱን ደረሰኝ ፈልጋ እንድታገኝ ያድርጉ።

ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር ይገናኝ። ብዙ ቢሮ ዩፒኤሱን ገዝቶ ገመዱን ከካርቶኑ አያወጣም፤ ያን ጊዜ ዩፒኤሱ የሚያደርገው ሰርቨሩ በድንገት የሚጠፋበትን ሰዓት ሃያ ደቂቃ ማራዘም ብቻ ነው። ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ማሽኖቹንም ሰርቨሩንም በሥርዓት እንዲዘጋ ያዘጋጁት፣ ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሶኬቱን ነቅለው ይሞክሩት።

ፕሮፎርማውን ለሻጩ ሲመልሱ በጽሑፍ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ 16 ኮር አንድ፣ የተጠቃሚ ካል 22፣ የመሣሪያ ካል 1፣ የሪሞት ዴስክቶፕ የተጠቃሚ ካል 6፣ ኃይል ሲቋረጥ መረጃ የሚጠብቅ 960 ጊጋባይት የሰርቨር ኤስኤስዲ 2 ከነትሬያቸው። እያንዳንዱ በየራሱ መስመር፣ እትሙና የላይሰንሱ ዓይነት ተጽፎ። «ዊንዶውስ ሰርቨር ከነሙሉ ፈቃዱ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይዞ ከመጣ አይፈርሙበት።